የታመመን መጠየቅ፦ ከጎረቤቴ አልጋ አጠገብ የተማርሁት

የምኖረው በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ባለው የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው በቤታቸው ወይም በጎረቤታቸው አልጋ ላይ የዋለ ሰው ላላቸው፣ መርዳት እየፈለጉም ከምን እንደሚጀምሩ ላልገባቸው ምእመናን ነው። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በጊዜው አንብቤ ቢሆን ኖሮ፣ ጎረቤቴን ካሳዘንሁባቸው ነገሮች ብዙዎቹን ባላደረግኋቸው ነበር።

የኮንዶሚኒየምን ኑሮ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ በአንድ ብሎክ የምንኖር ሰዎች ከየሰፈሩ የተሰባሰብን ነን። አንዱ ከልደታ፣ ሌላው ከአራት ኪሎ፣ ሌላው ከኮልፌ መጥቶ በአንድ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል እንጂ፣ አብሮ ያደገ፣ በአንድ እድር ለቅሶ የደረሰ፣ በአንድ ማኅበር ጽዋ የጠጣ አይደለም። ምድር ቤት የሚኖሩት እናት ከመሀል ከተማ ሲመጡ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቶቻቸውን፣ እድራቸውንና የማርያም ማኅበራቸውን ትተው ነው የመጡት። ስማቸውን አልጽፍም፤ ብሎኩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። አንዲት ልጃቸው አረብ አገር ሄዳ ትሠራለች። በኅዳር ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። የተገኙት ጠዋት ነው፤ የሰው ፊት በአንድ ጎን ሲዛባ፣ አንድ እጁ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲተሳሰር «ትንሽ ይተኛና ያልፍለታል» ሳይሉ፣ በአፉም ውኃ ሳያደርጉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል መውሰድ እንደሚገባ፣ ከሰዓታቱም እያንዳንዷ የአንጎልን ክፍል የምታድን ወይም የምታጠፋ መሆኗን ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እርሳቸው ግን ያን ሌሊት የሚያያቸው ሰው አልነበረም። ከሆስፒታል ሲመለሱ ልጃቸው በምትልከው ገንዘብ ቀን ቀን የምትረዳቸው አንዲት ወጣት ተቀጠረች፤ ማታና ሌሊት ግን ብቻቸውን ያድሩ ነበር።

እኔ በዚያ ጊዜ ሦስት ጊዜ ያህል ሄጄ «ጠይቄያቸዋለሁ»። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ይዤ እገባለሁ፤ «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ እመቤታችን ትድረስልዎት» እላለሁ፤ ዐሥር ደቂቃ ያህል ተቀምጬ ስለ እርሳቸው ከሠራተኛዋ ጋር አወራለሁ፤ እወጣለሁ። ከጥር ወር በኋላ ደግሞ ጭራሽ መግባት ተውሁ። ምክንያቱን ሳልሸፍን ልናገር፤ የቤቱ ሽታ ከብዶኝ ነበር። እሑድ እሑድ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቅዳሴ ስሄድ በዚያው በር ፊት አልፋለሁ፤ ማታ ከሥራ ስመለስም እንደዚያው። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ የዕለት ምግብ ያጣውን ወንድም «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» እያሉ ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን ሳይሰጡ መሸኘት ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር፤ የኔ «ይማርዎት» ከዚያ የሚለየው በምንም አልነበረም።

በዚያው ዓመት የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ መፃጉዕ፣ መጋቢት 7 ቀን ዋለ። በዕለቱ የተነበበው የዮሐንስ ወንጌል አምስተኛ ምዕራፍ ነው፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመው ሰው ታሪክ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ታሪክ ነው። በዚያ ቀን ግን ሁለት ነገር ልቤን ያዘው። አንደኛው ሕመምተኛው የተናገረው ነው፤ ስለ ሕመሙ አላማረረም፣ ያለው «ሰው የለኝም» ነው። ሁለተኛው ጌታ ያደረገው ነው፤ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ፣ የሰውዬው ችግር ለማንም ግልጽ ሆኖ እያለ፣ አስቀድሞ «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ጠየቀው። በኢያሪኮ መንገድ ላይ የነበረውን ዕውሩን በርጤሜዎስንም «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎታል። ዕውር ከማየት ሌላ ምን ይፈልጋል? እያልሁ አስብ ነበር፤ መልሱ ያልገባኝ እኔ ሰው ጠይቄ ስለማላውቅ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤታችን ሃያ ሊትር ጀሪካን በሁለት እጇ አንጠልጥላ ወደ እማማ ቤት ስትገባ አገኘኋት። ረመዳን ነበር፤ ያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች አንድ ላይ የዋሉበት ዓመት ነው። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ እርሷም ለሱሁር ስትነሣ ለእማማ ጭምር ቀድታ ታኖራለች። ከኅዳር ጀምሮ በየማታው ስትገባ እንደ ነበር፣ ልብሳቸውንም ከራሷ ልብስ ጋር እንደምታጥብ የሰማሁት ያን ቀን ነው። የጀሪካኑን አንድ ጎን ያዝሁላትና ተከትያት ገባሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት ከመቅረቴ የሚተናነስ አልነበረም። በቁጭት ተነሣሥቼ በማግሥቱ ማታ ቤቱን እንዳለ ማጽዳት ጀመርሁ። መስኮት ከፈትሁ፣ ዕቃ አዘዋወርሁ፣ ከአልጋው ራስጌ የነበረ ያረጀ የጨርቅ ቋጠሮ አውጥቼ ከቆሻሻው ጋር አስቀመጥሁ። እማማ በግራ እጃቸው አልጋውን እየመቱ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ደስታ መስሎኝ «አይዞዎት እማማ» እያልሁ ቀጠልሁ። ጎረቤቴ ገብታ ይህን ባየች ጊዜ ቋጠሮውን ካስቀመጥሁበት አንሥታ በእጃቸው ሰጠቻቸውና፣ ወደ እኔ ዞራ ዝግ ባለ ድምፅ «እህቴ፣ አልጠየቅሻቸውም እኮ» አለችኝ። በቋጠሮው ውስጥ የነበረው የባለቤታቸው ጋቢ ቁራጭ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቋንቋችን በሽተኛን ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በፍርድ ቀን የሚናገረውም «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ተብሎ ነው የተተረጐመልን። አባቶቻችን ጉብኝትንና ጥያቄን በአንድ ቃል የጠሩት በከንቱ አይመስለኝም። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ እያልሁ ሳወራ፣ ለእማማ ያቀረብሁላቸው አንድም ጥያቄ አልነበረም። ስለ እርሳቸው ጠየቅሁ እንጂ እርሳቸውን አልጠየቅሁም።

ለካ መናገር የማይችልን ሰው መጠየቅ ይቻላል። በአራተኛው ብሎክ የምትኖር አንዲት ነርስ እንዳስረዳችን፣ ቀኝ ጎናቸውን ስትሮክ ያደከማቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የንግግር ችሎታቸውም አብሮ ይጎዳል፤ ይህ ግን አእምሯቸው ጠፋ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ይሰማሉ፣ ያስታውሳሉ፣ ያፍራሉ፣ ይቆጣሉ፤ ቃሉ ነው ከአፋቸው የማይወጣላቸው። ስለዚህ «ምን ይፈልጋሉ?» ከማለት «ውኃ ይፈልጋሉ?» ብሎ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ፣ ለ«አዎ» እጄን አንድ ጊዜ ይጭበጡ፣ ለ«አይ» ይልቀቁ ብሎ መስማማት፣ ከጠየቁ በኋላም ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። መጠበቁ ነው የሚከብደው። እኔ እስከ ዐሥራ አምስት በልቤ እቆጥር ነበር፤ ብዙ ጊዜ መልሱ ዐሥራ ሁለት ላይ ይመጣል። ከዚያ በፊት እኔ ሁልጊዜ አምስት ላይ ተነሥቼ የመሰለኝን አደርግ ነበር። ሌላው፣ በፊታቸው ቆሞ ስለ እነርሱ እንደ ዕቃ ማውራትን መተው ነው፤ «ዛሬ በልተዋል? ተጸዳድተዋል?» የሚለው ጥያቄ ለሠራተኛዋ ሳይሆን ለራሳቸው ይቅረብ፤ ሠራተኛዋ የጎደለውን ትሙላ።

በዚያው ጾም ውስጥ ወተት አፍልቼ ይዤላቸው ሄድሁ፤ አቅማቸው እጅግ ወርዶ ነበርና። አፋቸውን ገጥመው እምቢ አሉ። መዋጥ ያቃታቸው መስሎኝ ደንግጬ ለነርሷ ልደውል ስል፣ መጠየቅ ትዝ አለኝ። «እማማ፣ አመመዎት?» ለቀቁኝ። «ትኩስ ሆነብዎት?» ለቀቁኝ። «ጾም ስለሆነ ነው?» እጄን ጨበጡት፤ ያለቀ የመሰለኝ ጉልበት ከየት እንደ መጣ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም እንደምታሳርፍ ነግሬ ልሞግታቸው እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የሚወስነው እኔ አይደለሁም። የንስሐ አባታቸውን በስልክ አፈላልገን አገኘናቸው፤ ከድሮው ሰፈር ሁለት ታክሲ ይዘው መጡ፤ ጸሎት አድርሰው፣ በመስቀል ባርከው፣ ለሕመማቸው ሲሉ ወተቱን እንዲጠጡ ፈቀዱላቸው። እማማ ከዚያ በኋላ ጠጡ። እንዲሁ በግድ በማንኪያ ባጠጣቸው ኖሮ ሰውነታቸውን በጥቂቱ ጠቅሜ፣ በሕይወታቸው ሙሉ የጠበቁትን ነገር በአልጋቸው ላይ ሰብሬባቸው ነበር። በተለይ በእምነት ከማይመስሏችሁ ሰዎች ጋር ስትሆኑ ይህን አስታውሱ፤ ሙስሊሟ ጎረቤቴ እማማ በጾም ቀን የሚበሉትንና የማይበሉትን ከእኔ ይበልጥ ለይታ ታውቅ የነበረው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትጠይቃቸው ስለ ነበር ነው።

አሁን ስለ ሥራው ልጻፍ፤ ፍቅር ያለ ዕውቀት ሰውን ሲጎዳ አይቻለሁና። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ትልቁ ጠላት የአልጋ ቁስል ነው። አንድ ቦታ ለረጅም ሰዓት ሲጫን ደም ወደ ቆዳው መድረስ ያቆማል፤ ሥጋው ከውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ከላይ ሲታይ ግን ገና ምንም አይመስልም። የሚያሰጉት አጥንት የወጣባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የጅራት አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የትከሻ አጥንት፣ ክርን። እኛ እማማን በምናጥብበት ጊዜ ሁሉ እነዚህን ቦታዎች በብርሃን ማየት ልማድ አደረግን። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ሁልጊዜ አይታይም፤ ቦታው ከዙሪያው ይልቅ ከጠቆረ፣ ከሞቀ ወይም ከጠጠረ፣ ተጭነው ሲለቁትም መልኩ ካልተለወጠ ቁስል እየተጀመረ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ ማሸት ይጎዳል፤ እኔ በቫዝሊን አሽቼ አውቃለሁ፣ ነርሷም አስቆመችኝ። መድኃኒቱ ከዚያ ጎን ማንሣት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ በጉልበቶች መካከል ትራስ ማድረግ፣ ከባት በታች የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አስገብቶ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ማድረግ፣ አንሶላው እንዳይጨማደድና እንዳይረጥብ መጠበቅ ነው። ሰዎች እንደ ቀለበት የተሠራ ትራስ ከመቀመጫ ሥር እንዲደረግ ይመክራሉ፤ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ሥጋ አጥብቆ ስለሚጫን አይመከርም። ስታገላብጡ ደግሞ አትጎትቱ፤ መጎተት ቆዳን ይልጣል። ከሥራቸው ተጣጥፎ በተነጠፈ አንሶላ ሁለት ሆኖ ማንሣት ነው። ቁስል ከከፈተ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካመጣ የጎረቤት ሥራ አልቋልና ጤና ጣቢያ ይወሰዱ።

ማብላትም እንደዚሁ ዕውቀት ይፈልጋል። ጋደም ያለን ሰው ማብላት ምግቡን ወደ ሳንባ መላክ ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ ደግፎ፣ ጉርሻውን አሳንሶ፣ በጤነኛው የአፍ ጎን ማድረግ፣ ዋጥ ማድረጋቸውን አይቶ ሌላውን ማስከተል፣ ከበሉ በኋላ በደካማው ጉንጭ ውስጥ የቀረ እንዳለ ማየት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳያስተኙ ማቆየት ነው። ለእማማ ቀጭን ነገር ይበልጥ ያስላቸው ነበር፤ ወፈር ያለ አጥሚትና በደንብ የራሰ የሽሮ ፍትፍት ግን ይስማማቸው ነበር። ወተቱንም፣ ጠበሉንም ቢሆን በትንሽ ማንኪያ፣ ተቀምጠው ነው የሚወስዱት። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ደግሞ «ዛሬ ደኅና ነኝ» በሚሉበት ቀንም አናቋርጥም፤ የንስሐ አባታቸውም ጠበሉንና መድኃኒቱን አጋጭተው አላዩትም።

ስለ ማጠብ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የሰው ክብር ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። ሰው በአርአያ ሥላሴ ተፈጠረ ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ዐዋቂው፣ ስለ ብርቱው፣ ስለሚጸልየው ሰው እናስባለን። ያ መልክ በአልጋ ላይ የረጠበን ሰውም አይለቅም። ይህን ካመንሁ እጄም እንደዚያ መሥራት አለበት። ስለዚህ በሩን ዘግተን፣ መጋረጃውን ስበን፣ ውኃውን በራሳችን እጅ ሙቀቱን ለክተን፣ «እማማ፣ አሁን ጀርባዎን ልጠብ?» ብለን፣ እጃችንን ከጨበጡ በኋላ ነው የምንጀምረው። የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጣል፤ ሌላው በነጠላ እንደ ተሸፈነ ይቆያል። ፊታቸውንና ኀፍረታቸውን ግራ እጃቸው እስከ ቻለ ድረስ ራሳቸው እንዲታጠቡ ጨርቁን እንሰጣቸዋለን፤ ጊዜ ይወስዳል፣ አልጋውም ይረጥባል፣ ቢሆንም የራሳቸው የሆነ ነገር ይቀርላቸዋል። ሽታ ሲኖር ፊታችንን አናጨማድድም። ይህን መለማመድ ያስፈልጋል፤ እኔ ከመግባቴ በፊት ደረጃው ሥር ቆሜ «አቡነ ዘበሰማያት» እደግም ነበር። ጓንት እናደርጋለን፤ ግን ለሥራው ብቻ። እጃቸውን ስንይዝና ፀጉራቸውን ስንሠራ ባዶ እጃችን ይነካቸዋል። አንድ ሰው ለወራት በጓንት ብቻ ሲነካ ምን እንደሚሰማው እማማ በዕንባ ነግረውኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ የፋሲካው ነገር ነው። ሚያዝያ 12 ቀን እኔና ጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አምስት ሊትር ዘይት፣ ዶሮና እንቁላል ገዝተን ገባን። ከመካከላችን አንዱ ሌሎችም እንዲነሣሡ በማሰብ ፎቶ ላንሣ አለ፤ እኔም ከአልጋው አጠገብ ቆምሁ። እማማ ግራ እጃቸውን ዘርግተው ነጠላውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። አፋቸው የተዛባ ሴት፣ በትንሣኤ ቀን፣ ፊታቸውን ከእኛ ሸሸጉ። ፎቶው በዚያው ተሰረዘ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አየዋለሁ። ጌታ ምጽዋት በስውር እንዲሆን፣ ቀኝ የምታደርገውን ግራ እንዳታውቅ ያዘዘው የሰጪውን ልብ ከትዕቢት ለመጠበቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የተቀባዩንም ፊት ይጠብቃል። እባካችሁ፣ ፎቶ ካስፈለገ የዘይቱን ጀሪካን አንሡ።

ብዙ ሰዎች «ለምን መቄዶንያ አታስገቧቸውም?» ይሉን ነበር። ያ ማእከል ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጎዳና ላይ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እያነሣ ያኖራል፤ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን ቃሉን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔም አከብረዋለሁ። እማማ ግን ቤት አላቸው፤ ከላያቸው አራት ፎቅ ሙሉ ሰው አላቸው። «ሰው የላቸውም» ብለን አሳልፈን ብንሰጣቸው ውሸታሞች የምንሆነው እኛ ነን፤ በእርግጥ ሰው የሌለው ሰው የሚተኛበትን አልጋም እንይዛለን። እማማንም ጠየቅናቸው፤ እጄን ለቀቁ።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ስንናገር አንድ ሰው ሁሉን ብቻውን እንዳደረገ አድርገን እንናገረዋለን። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ግን እንዲያ አይልም። ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ አህያ ላይ ጫነ፣ አንድ ሌሊት አስታመመ፤ በማግሥቱ ግን ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ ጠብቀው ብሎ መንገዱን ሄደ፣ የጎደለውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ሥራውን አካፈለ፣ ወጪውን ቆጠረ፣ ሊመለስም ቀጠሮ ያዘ። እኔ ይህን ሳላስተውል ለሁለት ወር ያህል ከጎረቤቴ ጋር ብቻ ስሮጥ ቆየሁና ሰውነቴ ዛለ። አንድ ሌሊት እማማ ለሦስተኛ ጊዜ ግድግዳውን ሲመቱ ወርጄ «አሁን ደግሞ ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ትራሱ ወድቆባቸው ነበር። ጠዋት ጉልበታቸውን ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ በግራ እጃቸው ራሴን ደባበሱኝ። ለአስታማሚዎች የምለው ይህን ነው፤ ቁጣችሁ ፍቅራችሁ ማለቁን ሳይሆን ብዙ ጊዜ እንቅልፋችሁ ማለቁን ነው የሚናገረው፤ ከመጮኻችሁ በፊት ሰው ጥሩ።

እኛም ጉዳዩን ወደ እድሩ ስብሰባ ወሰድነው። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስት አለው፤ እማማ ቢሞቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይቆምላቸው ነበር። ታምመው ላሉት ግን የተጻፈ ደንብ አልነበረም። አንድ አረጋዊ ተነሥተው፣ ኤችአይቪ ብዙ ሰው በጎዳበት ዘመን በድሮ ሰፈራቸው እድሩ የቤት ለቤት አስታማሚ ይልክ እንደ ነበር አስታወሱ፤ በእርግጥም በዚያ ዘመን እንደዚያ ያደረጉ እድሮች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አጠረ። ዘጠኝ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት አንድ ሰው፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚያገላብጥ አንድ ሰው፣ ንጋት ላይ አንድ ሰው። ለማጠብና ልብስ ለመለወጥ ሴቶች ብቻ፤ ወንዶቹ ውኃ ይቀዳሉ፣ መድኃኒት ያመጣሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያ በወንበር ተሸክመው ይወስዳሉ። ገንዘብ የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ልጃቸው የላከችውም ሆነ የእድሩ መዋጮ በአንድ ደብተር ይጻፋል፣ ደብተሩም በእማማ ትራስ ሥር ይቀመጣል፣ በወሩ መጨረሻ ይነበብላቸዋል። ገንዘቡ የእርሳቸው ስለሆነ ነው። ማንም ሰው የእማማን መታወቂያም ሆነ የቤቱን ካርታ በአደራ ስም እንዳይዝ ገና ሲጀመር ተስማማን፤ ይህን ያላደረጉ ሰዎች በኋላ በመጠራጠር ሲበታተኑ ሰምቼ ነበር።

ልጃቸው በኢሞ ደውላ እናቷን ለማየት ስትለምን እኔ ስልኩን ይዤ ወደ አልጋው ለመሄድ ተነሥቼ ነበር። ቆምሁና ጠየቅኋቸው። እጄን ለቀቁ። ልጃቸው ያን ፊት እንድታይ አልፈለጉም። ስለዚህ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ ልጅቱ ታወራለች፣ እማማ ሲጨብጡኝ እኔ «አዎ ብለዋል» እላለሁ። ፊታቸውን ያሳዩዋት ከስድስት ወር በኋላ፣ አፋቸው ጥቂት ከተመለሰ ወዲህ፣ ራሳቸው ስልኩን በጣታቸው ጠቁመው ነው።

ዓመት አለፈ። ቀኝ እግራቸው በድጋፍ ይቆማል፣ ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም። ቃላት አንድ አንድ እያሉ መጥተዋል፤ መጀመሪያ የመጣው «ማርያም» ነው፣ ቀጥሎ የሙስሊሟ ጎረቤታችን ስም። ዘንድሮም፣ በ2018 ዓ.ም.፣ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተው ስለ ነበር ከጎረቤቴ ጋር ተራ ተለዋወጥን፤ በኢፍጣር ሰዓት እኔ ገባሁላት፣ በስቅለት ቀን ደግሞ እኔ ስግደት ላይ ስውል እርሷ ከጠዋት እስከ ማታ ከእማማ ጋር ዋለች። ያን ቀን ሲመሻሽ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ በምድር ቤቱ በር ገባሁ። ጎረቤቴ አጥሚቱን እያማሰለች ነበር። እማማ ትራስ ተደግፈው ቀና ብለዋል። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ እኔም እንደ ለመድሁት በልቤ መቁጠር ጀመርሁ። ዐሥራ አንድ ላይ ደረስሁ።

«አንቺስ… እህል ቀመስሽ?» አሉኝ።